ታጥቦ የማያውቅ ማሰሮ

አጎቴን ማሰሮ ፊት ተንበርክኮ አገኘሁት። በዚያ ሰሞን በሽታው ከተማውን ዘግቶት ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ፊት ይንበረከክ ስለነበር መጀመሪያ አልገረመኝም። ጠጋ ስል ግን የሆስፒታል ኮሪደር ሽታ አፍንጫዬን መታው። የዳቦ ቤታችን ጓዳ ዱቄት ይሸታል፣ የተቃጠለ እንጨት ይሸታል፣ በሙቀት ቀን እኔንም ይሸታል፤ ሆስፒታል ሸቶ ግን አያውቅም። አጎቴ ዞሮ አየኝ። ማስኩን እስከ ዓይኑ ስር ስቦት ስለነበር የሚታየኝ ሁለት ዓይን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቀልተዋል።

«ቃሪያ፣ በእናትሽ እንዳትጮኺ።»

ቃሪያ የሚለኝ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ቀጭንና ረጅም ስለሆንኩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እማ ግን የምላሴ ጉዳይ እንደሆነ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ጨርቁን ብቻ… እውነቴን ነው፣ ጨርቁን ብቻ ነው የነካሁት።»

ጨርቁን አነሳሁት። በረኪና ጠብ ጠብ ይላል። ከስሩ ያለው እርሾ በዚያ ሰዓት ያበጠ፣ አረፋ የሚተፋ፣ ሲነኩት እንደ ጠገበ ሆድ የሚንቀሳቀስ ነገር መሆን ነበረበት። እኔ ያየሁት ግን ጠፍጣፋ፣ የነጣ፣ ላዩ ላይ ውሃ ያቆረ ነገር ነው። ጣቴን አስገባሁ። ምንም። አንዲት አረፋ እንኳ «አቤት» አላለችም።

ይሄ ማሰሮ ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው አጎቴ ለምን እንዳለቀሰ አይገባውም። እማ ከንጋት በፊት ተነስታ ሊጡን ድቡልቡል ከማድረጓ በፊት አንድ ጭብጥ ትቆርስና እዚህ ማሰሮ ውስጥ ትጥላለች። ዱቄትና ውሃ ታበላዋለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። እሱ ቀን ሙሉ ከጠረጴዛው ስር ሲተነፍስ ይውልና ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የነገውን ሊጥ ያቦካል። የዛሬው ዳቦ የትናንቱ ልጅ ነው፤ የትናንቱ የከትናንት ወዲያው፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ አያቴ እጅ ላይ ይደርሳል። ማሰሮው ታጥቦ አያውቅም። ውስጡ እንደ አሮጌ ዛፍ ግራጫ ቅርፊት አብቅሏል፤ እማ «ግድግዳው ራሱ እርሾ ነው» ትላለች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትቼ እዚህ ስገባ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነበር፤ ማሰሮውን አትጠቢ። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ዝም በይ ነበር፤ እሱን እስካሁን አላለፍኩትም።

አጎቴ የእማ ታናሽ ወንድም ነው። ታክሲ ይነዳ ነበር። ታክሲ ሲቆም፣ የተከራየባት ክፍል ባለቤት «ወይ ክፈል ወይ ልቀቅ» ሲለው፣ አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ይዞ መጥቶ ከዱቄት ጆንያዎቹ ጎን ተኛ። ሥራ ስላልነበረው ራሱን የጀርም ሚኒስትር አድርጎ ሾመ። የበር እጀታ ያጥባል፣ ሳንቲም በሳሙና ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ዳቦ የምንሸጥበትን መስኮት በቀን ስድስት ጊዜ ይወለውላል። ሎሚ በአንድ ሳምንት ዋጋው አስር እጥፍ እስኪሆን ድረስ ሎሚ በሙቅ ውሃ ሲጠጣ ከረመ፤ ሎሚው ሲወደድ ወደ ነጭ ሽንኩርት ዞረ፤ ነጭ ሽንኩርቱም ሲወደድ ሙቅ ውሃውን ብቻ እየጠጣ «ዋናው ሙቀቱ ነው» ይል ጀመር። አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ላይ አልኮል ሊረጭ ሲል እማ ዳቦ በምታወጣበት ረጅም የእንጨት አካፋ እስከ መንገድ ድረስ አባርራዋለች። ሬዲዮ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ክዳን በረኪና በቂ ነው ብሏል። አጎቴ ግን «ክዳኗ ትንሽ ናት፣ በሽታው ትልቅ ነው» ይልና በብርጭቆ ያፈሳል። ያን ቀን ጠዋት እማ ጋግራ፣ የዕለቱን ዳቦ በመስኮት ሸጣ ጨርሳ ስትተኛ፣ እሱ ጨርቁ ሸተተኝ ብሎ በብርጭቆው ውሃ ነከረውና ሳይጨምቀው መልሶ ከደነው። ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ጠብ ጠብ ሲል ዋለ። ማሰሮውን አልነካም፤ ያን ያህልማ ያውቃል።

«ከዛሬው ሊጥ የቀረ የለም?» አለኝ።

«በመስኮት ሸጥነዋ።»

«የፓኬት እርሾ ልግዛ?»

«ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ፤ ሱቁ ሁሉ ካለቀበት ወር ሆኖታል። ብታገኝስ? እማ አታውቅም?»

መሬቱ ላይ ተቀመጠ። «ታወጣኛለች» አለ፤ እንደ ጥያቄ ሳይሆን ሰዓት እንደሚናገር ሰው። «እንደ እሷ ታወጣኛለች።»

እሷ ማለት አክስቴ ናት። በቤታችን ስም የላትም፤ «እሷ» ወይም «ያቺ» ናት፤ እማ ደግሞ «ያቺ» እንኳ ሳትል አገጯን ወደ ታችኛው ሰፈር ትወዘውዛለች። ከሰባት ዓመት በፊት፣ አያቴ በሞተች በሁለተኛው ወር፣ አክስቴ ከዚህ ማሰሮ እርሾ በብልቃጥ ይዛ ወጥታ የራሷን ዳቦ ቤት ከፈተች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው እማ አንዲት ቃል እንዳለች ነው፤ «ሌባ»። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ። አክስቴ ስትወልድ አልሄድንም። በሰርግ ቤት ብንገናኝ እንኳ እማ ግድግዳ ታያለች። ሰው ሲጮህ ቢያንስ የት እንደቆመ ታውቃለህ። የእማ ዝምታ ግን እንደ ጭስ ነው፤ በሩን ብትከፍተውም አይወጣም። አጎቴም ያን ዝምታ ፈርቶ ሰባት ዓመት አክስቴ በር አልደረሰም። እና አሁን እሷ ይዛው በመውጣቷ የተባረረችበት እርሾ ሞቷል፤ የገደለው ደግሞ ከጆንያው ጎን የሚተኛው ነው።

እማ የምትነቃው አስር ሰዓት ነው። ነቅታ መጀመሪያ የምታደርገው ጨርቁን ማንሳት ነው። አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል።

«እርሾው ያለበት አንድ ቤት አለ» አልኩ።

ገባው። ፊቱ እንደ ዱቄቱ ሆነ። «እዚያማ አትሄጂም።»

«የት?»

«የምታውቂው ቦታ።»

«ቦታ አይደለችም፣ እህትህ ናት።»

«ቃሪያ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?»

«አንተ ትልቁ ያበላሸኸው ግን ለምሳም ለራትም በቅቷል» አልኩና ነጠላ ጫማዬን አጠለቅኩ። መውጫ ወረቀቱም ቢሆን በእኔ ስም ነው፤ ከዳቦ ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚሰጠው። ለእማ ከተቀመጠው ዳቦ አራት አንስቼ በከረጢት አደረግኩ። «እኔ እስክመጣ ምንም እንዳትነካ። ምንም! እጅህ ላይ ተቀመጥ።»

ማስካችንን እማ የሰፋችው ከዱቄት ጆንያ ነው። ጆንያው ታጥቦም ጽሑፉ አልለቀቀም። የአጎቴ አፍ ላይ «፶ ኪሎ» ይላል። የእኔው ላይ ያለው «ከእርጥበት ይጠበቅ» ነው፤ ይሄንን ለእኔ የመረጠችው ሆን ብላ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። መንገዱ ባዶ ነበር። ባዶ ስል ሰው የለም ማለት ነው እንጂ ድምፅ ሞልቶታል፤ ከየመስኮቱ የአንዱ ሬዲዮ፣ የአንዷ መጥበሻ፣ «አንተ ልጅ እጅህን» የምትል እናት። ከተማው በሙሉ ቤት ገብቶ ሲያበስል የሚወጣው ሽታ ግራ ያጋባል። ሽንኩርት የሚቁላላበት ቤት ገና ያለው ነው፤ ሻይ ብቻ የሚፈላበት እየጨረሰ ያለ ነው፤ ምንም የማይሸተው ቤት ጋ ስትደርስ እግርህ ራሱ ይፈጥናል። ምግብ ቤቶቹ ወንበራቸውን በጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ቆልፈዋል። ጁስ ቤቱ መስታወት ላይ ማንጎ የሚጠጣ ሕፃን ፎቶ አለ፤ ፀሐይ አንጥታው በሽተኛ መስሏል።

ወደ ታችኛው ሰፈር መሻገሪያው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ጋ አንድ ጠባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅሏል። ወረቀቴን በሁለት ጣቱ ጫፍ ያዘው።

«ዳቦ ቤት ይላል። ዳቦ ቤትሽ ደግሞ ከገመዱ ወዲያ ነው። ወዲህ ምን ፈለግሽ?»

«ዳቦ ላደርስ።»

«ለማን?»

አፌ ውስጥ ብዙ መልስ ነበረ። ለታመመ ሰው ልል እችላለሁ፤ ለአስተማሪዬ ልል እችላለሁ፤ ውሸት እንደሆነ አፌ ላይ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። «ለአክስቴ» አልኩ። ቃሏን በአፌ ካወጣኋት ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ልክ የሌላ ሰው ጫማ እግሬ ላይ የገባ መሰለኝ። ጠባቂው ግን ምን ይወቅ፤ ማስኬን አነበበና ሳቀ። «ሂጂ፤ ሳይዘንብብሽ ተመለሺ።»

የአክስቴ ዳቦ ቤት ዝግ ነበር። የብረት መዝጊያው ላይ የተለጠፈው «ለጊዜው ዝግ ነን» የሚለው ወረቀት ቀለሙ ነጥቶ «ለጊዜው» የሚለው ሊጠፋ ደርሷል። ከጎኑ ያለውን የቤቱን በር አንኳኳሁ። በሩ ላይ ፊት የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ያላለ ሰው አንኳኩቶብኝ አያውቅም። ማን ልበል?»

ምላሴ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። እማ ስትናደድ «ይሄን ምላስ ከየት አመጣሽው» ትለኝና መልሱን ራሷ ስለምታውቀው ዝም ትላለች።

ትንሿ መስኮት ተከፈተች። አክስቴ ጸጉሯን በጨርቅ አስራለች፤ ከሲታለች፤ ዓይኗ ግን የእማ ዓይን ነው፣ ልክ እማ ስትስቅ ያለው። «ወደ ኋላ በይ፣ ሁለት ሜትር… እዚያ። አሁን ያንን ጆንያ ከፊትሽ አውርጂው።» አወረድኩት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ቃሪያ?» አለች። «ይሄን ያህል ምን አርዝሞሽ ነው? ምን አፍስሰውብሽ ነው?»

ከጉልበቷ ስር ሌላ ፊት ብቅ አለ። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። «ማናት?»

«የአክስትሽ ልጅ ናት።»

«ዳቦ ይዛለች» አለች ልጅቷ፤ ዝምድናው ብዙም አልገረማትም።

ከረጢቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አክስቴ በሩን ከፍታ አነሳችው። ልጅቷ አንዱን በጎን ጥርሷ ገመጠችው። አክስቴ ግን አልቀመሰችም። ዳቦውን ገለበጠች፣ ሆዱን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች፤ እማ በየቀኑ ከምድጃው ስታወጣ እንደምታደርገው። «አሁንም ታሳምረዋለች» አለች ለዳቦው። ከዚያ ቀና ብላ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«እርሾው።»

ነገርኳት፤ ብርጭቆውን፣ ጨርቁን፣ ጠብ ጠቡን። አጎቴ ጋ ስደርስ አፏን ይዛ ትስቅ ጀመር፤ «የኔ ጅል፣ የኔ ጅል ወንድም» እያለች፤ ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል አቆመችው። ልጅቷ ስታላምጥ ይሰማ ነበር።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። አይ ብል እርሾው የአጎቴ ልመና ይሆናል፤ የሌባ እቃ በሌባ እጅ ተመልሶ ገባ ይሆናል። ፊቷን ሳየው ደግሞ ጥያቄው የእርሾ ጥያቄ አልነበረም። ሰባት ዓመት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሊኖረው የሚችለው ፊት ነበር። «አዎ» አልኩ። ዋሸሁ። ስዋሽ አብዛኛውን ጊዜ ደስ ይለኛል፤ ያኛው ግን ደስ አላለኝም።

አክስቴ ጸጉሯ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈታ እንደገና አሰረችው፤ እማ ራሷ በሩ ላይ የቆመች ይመስል። «ጠይቄያት ነበር እኮ» አለች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መንገዱ እያየች። «ሊጥ እያቦካች ነበር። አንድ ጭብጥ ልውሰድ ወይ አልኳት። ዝም አለች። እጇ እንኳ አልቆመም። ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው ብዬ ወሰድኩ። እሷ ደግሞ ዝም ያልኩት እምቢ ብዬ ነው ብላ… ሲነጋ ሌባ ሆኜ ተነሳሁ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ተመልሼ እጠይቃት ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ማን ከማን ያንሳል።»

ገባችና ብልቃጡን ይዛ መጣች። ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ ክዳኑ ላይ በሚስማር ሦስት ቀዳዳ የተበሳለት፣ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ነው። ውስጡ ያለው እርሾ እስከ አንገቱ አብጦ በቀዳዳዎቹ ሊወጣ ይታገላል፤ ቡናማ ነገር አለበት።

«ዝግ ነሽ አይደል እንዴ?»

«ከተዘጋሁ ሦስት ወር ሆነኝ። የመሸጫ መስኮት የለኝማ፣ የፈቃድ ወረቀት ከለከሉኝ። አንድ ዳቦ አልጋገርኩም። እሱን ግን በየቀኑ አበላዋለሁ። ምን ላድርግ፣ እናቴ ናት እኮ እዚያ ውስጥ ያለችው።»

«ዱቄቱን እሱ ነው የሚበላው» አለች ልጅቷ፤ ክስ አቀረበች ማለት ይቻላል። «እኔ ልብላው ስል እሱ ይብላ ትላለች።»

አክስቴ የልጅቷን ራስ በመዳፏ ሸፈነችው፤ አላባበለቻትም፣ አላስተባበለችም። እርሾውን ከፈለችው፤ ግማሹን ለራሷ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ አስቀረች፣ ግማሹን ከነብልቃጡ ደጃፉ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ኋላ ሸሸች። «ንገሪያት…» አለች። «ምንም አትንገሪያት። አይ፣ ንገሪያት፤ ስንዴ ሳጣ ገብስ ነው ያበላሁት። ሊጡ ትንሽ ይጨልምባታል፣ ውሃም ይፈልጋል። እንዳትደነግጥ።»

ስመለስ ብልቃጡን በነጠላዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ይሞቃል። በቀዳዳዎቹ ትንንሽ ትንፋሽ ይተነፍሳል፤ እኔም ሳላውቀው አብሬው መተንፈስ ጀምሬያለሁ። ገመዱ ጋ ጠባቂው እግሩን ከወንበሩ ሳያወርድ «አክስትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ። እንዲሁ ለወሬ ነው የጠየቀው። ግን በሕይወቴ ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ መልሱንም አላዘጋጀሁም። «ከስታለች» አልኩት።

ጓዳ ስገባ አስር ሰዓት አልፎ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ማሰሮውን ነው። ቀይ ነው። ቀይ ማሰሮ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ያ ሁሉ ግራጫ ቅርፊት የለም፤ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል። አጎቴ ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ እጁ ላይ የድስት መፈተጊያ ሽቦ አለ። በረኪናውን ለማስለቀቅ ብሎ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት ይሄ ነው። እማ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ማሰሮውን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች፤ ውስጡን ታያለች። በሩ ጋ የአጎቴ ሻንጣና ፌስታሉ ታስረው ቆመዋል። ራሱ ነው ያሰራቸው። እስኪነገረው አልጠበቀም፤ የዚህን ቤት ዝምታ ያውቀዋል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ…» አለ።

እማ ቀና አላለችም። ያን ጊዜ ከሁሉም የከፋው ፊቷ ነበር፤ አልተቆጣም። አያቴ የሞተች ዕለት ያየሁት ፊት ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ስለማልችል ብልቃጡን ከነጠላው ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቷ አስቀመጥኩት።

ሰማያዊውን ክዳን አየችው። ሦስቱን ቀዳዳዎች በጣቷ ነካች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብልቃጡ የአያቴ ነበር፤ ቀዳዳዎቹን በሚስማር የበሳችው እሷ ናት፤ እማም እዚያው ቆማ አይታ ይሆናል። ከፈተችው። አሸተተችው። ጣቷን አስገብታ ቀመሰች።

«ገብስ» አለች።

«ስንዴ ስላጣች ነው። ሊጡ ይጨልምባታል፣ ውሃም ይፈልጋል፣ እንዳትደነግጥ ብላለች። ከተዘጋች ሦስት ወሯ ነው። አንድ ዳቦ አልጋገረችም ግን በየቀኑ ታበላዋለች። ልጅቷ ዱቄቱን እሱ ነው የሚበላው ትላለች። የፊት ጥርስ የላትም። አክስቴ ደግሞ ከስታለች። ያኔም ጠይቄያት ዝም አለችኝ፣ እሺ ያለችኝ መስሎኝ ነው የወሰድኩት ብላለች።» አፌ አንዴ ከተከፈተ ምን ላድርገው። አጎቴ ሽቦውን እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ።

እማ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። «ምን ብለሽ ነው የሰጠችሽ?»

«እማ ልካኝ ነው አልኩ።»

አሁን መጣ አልኩ። ምንም አልመጣም። እማ ተነሳች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ዱቄቱን ገንዳው ላይ ነፋች፣ ብልቃጡን እስከ ታቹ በጣቷ ጠርጋ መሀሉ ላይ ገለበጠችው፣ ማቡካት ጀመረች። ሰዓቱ ገና አስራ አንድ አልሞላም፤ በሕይወቷ ከአስራ ሁለት ሰዓት በፊት አቡክታ አታውቅም። እኔ ውሃ አፈሳለሁ። «ጨምሪ» ትላለች፤ እጨምራለሁ። ሊጡ ጠቆር አለ። እጆቿን አይ ነበር። ያኔም እንዲህ እያቦካች ነበር አክስቴ የጠየቀቻት፤ እጇ እንኳ አልቆመም ብላለች። አሁን ግን አንዴ፣ ሊጡን ልታጥፈው ስትል፣ እጇ ቆመ። ክንዷ እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ሆኖ እንደዚያው ቆመች። እሺ ይሁን እምቢ፣ ከእኔ ጋር ይሁን ከሌላ ሰው ጋር፣ አላውቅም። በእኛ ቤት ሰው የሌላውን ዝምታ ሲተረጉም ነው የሚሳሳተው፤ እኔም ልሳሳት ስለፈራሁ አልተረጎምኩትም። ውሃ ብቻ ይዤ ቆምኩ።

ሊጡ አልቆ ከተሸፈነ በኋላ አንድ ጭብጥ ቆረሰች። አዲስ የታጠበውን ማሰሮ አገላብጣ አየችውና ጭብጡን ጣለችበት። ከዚያ ያንን የበረኪና ጨርቅ በሁለት ጣቷ አንስታ አጎቴ ላይ ወረወረችው።

«እጠበው» አለች። «በውሃ። በውሃ ብቻ።»

አጎቴ ጨርቁን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻንጣህን ከመተላለፊያው አንሳው፤ እግር ይጠልፋል።»

ወደ ቧንቧው ሮጠ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ተሰማ፤ ጨርቅ ለማጠብ ያን ያህል ውሃ አያስፈልግም፤ ፊት ለመታጠብ ግን ያስፈልግ ይሆናል።

እማ ባዶውን ብልቃጥ አነሳች። ላጥበው እጄን ስዘረጋ መዳፌን መታችኝና ራቅ አደረገችው። ግድግዳው ላይ የቀረውን እርሾ እንዳለ ትታ ነጭ የስንዴ ዱቄት እስከ አፉ ሞላችበት። የሰው እቃ ባዶ አይመለስም፤ ይሄ እንኳ ጠላትም ቢሆን የሚያከብረው ነው ብዬ ራሴን አበረድኩ። እሷ ግን አላበቃችም። አንድ ባዶ ጆንያ አራገፈች፣ እስከ ወገቡ ዱቄት ሞላችው፣ አፉን በገመድ አሰረችው፤ ዱቄት በዚያ ሰሞን በየሳምንቱ ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ማለት ነው። «ብልቃጡ የእርሾው ነው» አለች። «ጆንያው የልጅቷ ነው። ሁለቱን እንዳያምታቱ ንገሪያት።»

«ጆንያውንም እኔ ነኝ የምሸከመው?»

«ምላስሽን ስትሸከሚ የማይከብድሽ!» አለችና ክዳኑን ገጥማ ብልቃጡን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ግን አልለቀቀችውም። እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ ይዘነው ቆምን። በመስኮቱ የማታው ብርሃን ገብቶ ሰማያዊው ክዳን ላይ አርፏል። እማ ሦስቱን ቀዳዳዎች እያየች ነበር።

«ነገ ጠዋት ስትሄጂ፣ ማን ላከሽ ካለችሽ…» አለችና ዝም አለች።

ጠበቅኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድ ቃል ጣልቃ አላስገባሁም።

«እንዳትዋሺ» አለች፤ ብልቃጡንም ለቀቀችልኝ።